አባዬን ስልክ መዝጋት ሳስተምረው

ዛሬ ጠዋት ዳላስ አጠገብ፣ ዋይሊ በምትባል ከተማ ካለው ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሳለ፣ የማላውቀው ቁጥር ደወለ። “ኮምፒውተርህ ቫይረስ ይዞታል” አለኝ አንድ ሰው በእንግሊዝኛ። ከአገር ቤት በቅርቡ የመጡት አማቴ አጠገቤ ነበሩ።

“ምን ይላል ሰውዬው?”

“ሌባ ነው፣ እማማ” አልኳቸው። ግን ቶሎ መዝጋት አቃተኝ። ሁልጊዜ ያቅተኛል።

ያኔ ነገሩ ሲጀምር ሃያ ዓመቴ ነበር። አርሊንግተን ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ስለምማር የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። እናቴ ዳላስ ሆስፒታል ተኝታ ነበር፤ አባዬ ከኤርፖርት ሥራው ፈቃድ ወስዶ ያስታምማታል። የነሐሴ ሙቀት አስፋልቱን ያቀልጠዋል። አንድ ቀን ከትምህርት ስመለስ የቤታችን ኮምፒውተር እንደ አምቡላንስ ይጮሃል። ስክሪኑ ላይ “እንዳታጠፋው፣ በዚህ ቁጥር ደውል” የሚል ቀይ ጽሑፍ አለ። አባዬም ደውሏል። የማውሱ ቀስት ማንም ሳይነካው ፎቶዎቻችንን ይበረብራል፣ እሱ ደግሞ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ሌባውን “ቤተሰብ ደህና ነው?” እያለ ይጠይቃል።

ስልኩን ነጥቄ ዘጋሁት፣ ኢንተርኔቱንም ነቀልኩት።

“ምነው ልጄ! ሰው እያወራ ይዘጋበታል እንዴ?”

“ሌባ እኮ ነው! የትኛው ካምፓኒ ነው ስክሪን ላይ ጮሆ ደውልልኝ የሚለው? ደንቆሮ ነህ እንዴ?”

አባቴን ነው ደንቆሮ ያልኩት።

ይህም አልበቃኝም። ልፈትነው ብዬ ቁጥሬን ደብቄ ከመኝታ ቤት እደውልለት ጀመር። ድምፄን ለውጬ “ሰር፣ ሃው አር ዩ?” ስለው ሰላምታውን ይደረድራል፤ እኔም ወጥቼ እጮህበታለሁ። “ቁጥሩ የማይታይ፣ በእንግሊዝኛ የሚያወራ ከሆነ ዝጋ! አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ!” ላቡን እየጠረገ “እሺ” ይላል። እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኝ ነበር። ደሴ ሳለን መምህሬ እሱ ነበር፤ ማባዛት ሲጠፋኝ ክፍሉ ፊት ያቆመኝ ነበር። በስንተኛው ጥሪ እንደሆነ እንጃ፣ ገና አፌን ሳልከፍት ዘጋብኝ። “ጎበዝ!” ብዬ እንደ ሕፃን ራሱን ዳበስኩት።

በሳምንቱ ፈተና ላይ ስለነበርኩ ስልኬን አጥፍቼ ነበር። አባዬ ለእናቴ አጥሚት እያማሰለ ሳለ ቁጥሩ የማይታይ ስልክ ተደወለ፤ እንግሊዝኛ ነው፣ ዘጋ። ሁለት ጊዜ ተደገመ፣ ሁለቱንም ዘጋ። ስመጣ አጥሚቱን በፔርሙስ ይዞ በር ላይ ጠበቀኝ፤ በመኪናዬ ሆስፒታል ሄድን።

እናቴ ፊቷ ተሸፍኗል። ነርሷ ለእኔ በእንግሊዝኛ ነገረችኝ።

“ምን አለች?” አለ አባዬ። ከእኔ ሌላ የሚያስረዳው አልነበረም።

“ሶስት ጊዜ ደውለናል አለች። እማዬ… ‘ባሌን ጥሩልኝ’ ስትል ነበር።”

ፔርሙሱን ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዘ። “አንተ መስለኸኝ” አለ። “ቶሎ ስዘጋ ደስ ይልሃል ብዬ።”

ዛሬ የሌባውን ስልክ ዘግቼ፣ ለአማቴ ያኔ ያጎደልኩትን ጨምሬ ነገርኳቸው። “እንዲህ ያለ ስልክ ሲመጣ ይዝጉት፣ እማማ። ግን ከዘጉ በኋላ፣ ከዚህ ነው የምደውለው ወዳለበት ቦታ በሚያውቁት ቁጥር ራስዎ ደውለው ይጠይቁ፤ ወይም እኔ ልጠይቅልዎ።” ለአባቴ ግማሹን ብቻ ነው ያስተማርኩት።

አባዬ አንድም ቀን አልወቀሰኝም። ግን እስኪሞት ድረስ፣ እኔ ባለሁበት ስልኩ ሲጠራ መጀመሪያ እጄን ያይ ነበር። ስልክ አለመያዜን ሳያረጋግጥ አያነሳም ነበር።