ረቡዕ የአጎቴ ነበር

በማስተምርበት ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ተማሪዎቼ የኔትወርክ ገመድ ሲሰኩ «ጠቅ» የሚል ትንሽ ድምፅ ይሰማል፤ ያን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ሰበታ ያለው የአባቴ ግቢ፣ ለሁለት የከፈለው የቆርቆሮ አጥርና ከአጥሩ ወዲያ ቆሞ የሚሳደበው አጎቴ ፊቴ ድቅን ይላሉ።

አያቴ ሲሞቱ ግቢያቸውን ታላቁ ልጃቸው አጎቴ ደምሴና ታናሹ አባቴ ቱሉ እኩል ተካፈሉት። ቤቱም፣ ከብቱም፣ ባሕር ዛፉም ተከፈለ። ያልተከፈለው በአያቴ ስም የገባው የስልክ መስመር ብቻ ነበር። መስመሩ የሚገባው በአጎቴ ሳሎን ነው፤ ቢሮ ለቢሮ ተመላልሶ በላዩ ላይ ኢንተርኔት ያስገባው ግን አባቴ ነው። በዚያ ክረምት ሁለቱ ወንድማማቾች ዝናቡ ባባራ ቁጥር ከአጥሩ ግራና ቀኝ ቆመው፣ አንዱ «ቤቴ የገባ መስመር የኔ ነው» ሲል ሌላው «ያመጣሁት እኔ ነኝ» እያለ፣ እኛ ልጆቹ ደግሞ ከየአባቶቻችን ኋላ ሆነን የሰማነውን ስድብ እየደገምን እንውል ነበር።

መስቀል ካለፈ በኋላ ሽማግሌ ተቀመጠ። ዋናው ሽማግሌ ኦቦ ዱግነሳ በጉልምስናቸው የወንዙ የውሃ አባት ነበሩ፤ ሽንኩርትና ጎመን የሚያለሙት ገበሬዎች መቼ ቦዩን ከፍተው መቼ እንደሚዘጉት ተራ የሚያወጡት እርሳቸው ነበሩ። ኢንተርኔት ምን እንደሆነ ሲነገራቸው ጥቂት አሰቡና «ከላይ ይመጣል፣ በአንድ ቦይ ይገባል፣ ሁለት ማሳ ይጠብቀዋል። ይህማ ውሃ ነው» አሉ። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ የታላቅየው፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ የታናሽየው ሆነ። «እሑድስ?» ሲባሉ «እሑድ ውሃውም ይረፍ» ብለው መረቁ። ተራው ያልሆነ ቤት ገመድ በአጎቴ ሳሎን ካለው የኢንተርኔት ሳጥን ተነቅሎ፣ ሁሉም እንዲያየው አጥሩ ላይ እንዲሰቀል ተወሰነ።

ለማያውቅ ላስረዳ። ሳጥኑ፣ ማለትም ኢንተርኔቱን ከስልክ መስመሩ ተቀብሎ የሚያከፋፍለው ዕቃ፣ አራት ቀዳዳ ነበረው፤ አራት ኮምፒውተር በአንድ ጊዜ ያስተናግዳል። አንዱ ፊልም ሲያወርድ ሌላው ይንቀረፈፋል እንጂ፣ ቦይ እንደተጠለፈበት ማሳ ደርቆ አይቀርም። ያኔ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ብሆንም ይህን አውቅ ነበር፤ ሳጥኑ የመጣበት ካርቶን ላይ ሥዕሉን አይቼዋለሁ። ግን ዝም አልኩ፣ ምክንያቱም ተራው ደስ ብሎኝ ነበር። በማስመሪያ ሰንጠረዥ ሠርቼ፣ የኛን ቀን ሰማያዊ፣ የነሱን ቀይ ቀብቼ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ፤ በየጠዋቱም ባልዲ ገልብጬ ላዩ ላይ እየቆምኩ የማን ገመድ እንደተሰቀለ አይ ነበር።

በበጋው አጋማሽ፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ባልዲዬ ላይ ስወጣ የአጎቴ ቤት ገመድ አጥሩ ላይ የለም። «አባዬ፣ ሰርቀውናል!» ብዬ ጮህኩ። የኛ ኮምፒውተር ሊበራ ይቅርና የአቧራ ጨርቁ እንኳ አልተነሣለትም ነበር። አባቴ ግን ወጥቶ «ሌባ የሌባ ልጅ! ንቀል!» እያለ ቆርቆሮውን በእርግጫ መታው። የአጎቴ ልጅ ገመቹ ከማዶ «ጋሼ ቱሉ፣ ለሥራ ፈተና የተጠሩትን ስም ብቻ ልይ፣ አምስት ደቂቃ» ብሎ ለመነ።

«ነገ ተራህ ነው፤ ነገ እይ።»

ገመቹ ነቀለ። ዓርብ ማለዳ ሲከፍተው ስሙ ነበረበት፤ ፈተናው ግን ሐሙስ ከሰዓት ተሰጥቶ አልቆ ነበር።

የበልጉ ዝናብ ሲጀምር፣ አሥራ ሁለተኛን የጨረሰችው ታላቅ እህቴ ጫልቱ የውጭ አገር ነፃ የትምህርት ዕድል ማስታወቂያ አይታ፣ የላቦራቶሪ ሙያ ለመማር ማመልከቻዋን ለሳምንታት ስታዘጋጅ ከርማ ነበር። የሚዘጋው ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ማክሰኞ በኛ ተራ ልትልከው ስትል ዝናቡ መብራቱን አጠፋው፤ መብራቱ የመጣው ረቡዕ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ወደ ኢንተርኔት ቤት አስሮጠችኝ፤ ባለቤቱ መብራት የለም ብሎ ዘግቶ ሄዷል። ስመለስ ጫልቱ አጎቴ በር ላይ ቆማ አገኘኋት።

«ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይሰኩልኝ፤ ዛሬ ካልላክሁት ይዘጋብኛል።»

«ያ ኢንተላ» አላት፤ አንቺ ልጅ ማለቱ ነው። «ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?»

«ረቡዕ።»

«ረቡዕ የማን ነው?»

«የእርስዎ ነው። ግን ማንም እየተጠቀመበት አይደለም እኮ!»

«ያን ሐሙስስ ማን ሲጠቀምበት ነበር?» አለና በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ። «ይህችን ባልዲ ላይ የምትወጣውን ጠይቂያት። ሰንጠረዥ አላት አሉ።»

ገመቹ ከኋላው ሳሎኑ ውስጥ፣ አረንጓዴ መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚለው ሳጥን አጠገብ ቆሞ ነበር፤ እጁን አላነቃነቀም። ጫልቱ የአጎቴ እግር ላይ ልትወድቅ ጎንበስ ስትል አባቴ ከአጥሩ ማዶ «ተመለሺ! ለሱ አትንበርከኪ!» ብሎ ጮኸባት፤ አጎቴም በሩን ዘጋ። ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። ጫልቱ ቤት ገብታ ሰንጠረዤን ከግድግዳው ላይ ላጠችው፤ አልቀደደችውም፣ በጥንቃቄ አጥፋ ደብተሬ ውስጥ ከተተችው።

«ያዥው፤ ሥርዓት ነው» አለችኝ።

ዛሬ ኦቦ ዱግነሳ አርፈዋል፤ ቆርቆሮውም በብሎኬት ተተክቷል። ሰው ሁሉ የራሱን ኢንተርኔት በኪሱ ይዞ ስለሚዞር ማንም የማንንም ደጅ አይጠናም፣ ስድቡም ቀርቷል፤ እኔም ለረጅም ጊዜ ይህ ሰላም ይመስለኝ ነበር። ጫልቱ ክር ፋብሪካ ትሠራለች፤ የምንኖርባቸውን ክፍሎች የሚለያቸው አንድ ግድግዳ ነው። ካርዴ ባለቀ ቀን ስልኬ በአቅራቢያው ያለውን የዋይፋይ መስመር ሁሉ ሲዘረዝርልኝ፣ ከሁሉ በላይ የሚወጣው የእህቴ ስም ነው፤ ከጎኑም የቁልፍ ምልክት አለ። አንድ መስመር ለሃያ ኮምፒውተር እንዴት እንደሚዳረስ ለተማሪዎቼ በየዓመቱ አስረዳለሁ። የእህቴን የይለፍ ቃል ግን እስከ ዛሬ ጠይቄያት አላውቅም።