ትልቅ ነገር ሲመጣ

በብሎኬት ማምረቻው ግቢ «አባ ሹክሹክ» ይሉታል። ጮክ ብሎ መናገር አያውቅበትም። በእረፍት ሰዓት ወሬ ሲጀምር የሥራ ባልደረቦቹ «ቆይ፣ ጆሮ ተከራይተን እንምጣ» እያሉ ይስቁበታል፤ እሱም አብሯቸው ይስቃል። ተወልዶ ባደገበት ጫካ ውስጥ፣ ዝሆን እስኪበረግግ ድረስ የሚጮህ ሰው እንደ ጅል ነበር የሚታየው።

ከዚያ ጫካ የወጣውም በዝሆኖቹ ምክንያት ነው። ለጥርሳቸው ሲሉ አዳኞች ስለፈጇቸው፣ ጫካው የዱር እንስሳት መጠለያ ይሁን ተባለ። እሱም «ደግ ሐሳብ ነው» አለ። እንዲያውም የአዳኞቹን ወጥመድ ለጥበቃዎቹ እየዞረ ያሳያቸው እሱ ራሱ ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። መጠለያው ሰው የማይኖርበት መሆኑን የሰማው ቤቱ ሊፈርስ ሲል ነው። ዝሆን እንዲኖር እንደ እሱ ያለ ማር ቆራጭ ለምን መውጣት እንዳለበት የሚያስረዳው ሰው እስከ ዛሬ አላገኘም፤ እኔም አላገኘሁም።

ከአገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ ነውና፣ አውራ ጎዳና ዳር በተሰጠው የቆርቆሮ ቤት ገብቶ ብሎኬት ተሸካሚ ሆነ። ልቡ ግን እመለሳለሁ ይላል። ሁለት ልጆቹ ሲመለሱ ባዳ እንዳይሆኑ ብሎ፣ ከሥራ ሲገባ የጫካውን ነገር ያስጠናቸዋል፤ ማር ያለበት ዛፍ እንዴት እንደሚለይ፣ የትኛው ቅጠል ቁስል እንደሚያደርቅ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዝሆን ሲመጣ የሚደረገውን።

«ትልቅ ነገር ሲመጣባችሁ አትሩጡ» ይላቸዋል። «ቀጥ ብላችሁ ቁሙ፤ ያልፋችኋል።»

በዚህ ትምህርት ታላቋን ሴት ልጁን የሚያህል አልነበረም። ታናሽ ወንድሟ ሊያስቃት እየኮረኮራት እንኳ ንቅንቅ አትልም። አባቷ ይህን ሲያይ ደስታውን አይችለውም ነበር።

አንድ ቀን ልጅቷ ምሳውን ይዛለት ስትመጣ፣ አሸዋ የጫነ ገልባጭ መኪና ፍሬኑ እምቢ ብሎት ቁልቁለቱን ወረደ። አባትየው ከግቢው በር ላይ ሆኖ አያት። መንገዱ መሀል፣ ሳህኑን ደረቷ ላይ ይዛ፣ ቀጥ ብላ ቆማለች። «ሩጪ!» አለ። ድምፁ አጠገቡ ከቆመው ሰው አላለፈም።

ሾፌሩ ለቅሶ ቤቱ ድረስ ሊያስተዛዝን መጥቶ ሲያለቅስ ዋለ። ክላክስ እያደረገ እንደነበር፣ ልጅቷም እንዳየችው ደጋግሞ ተናገረ። «አንድ እርምጃ ፈቀቅ ብትል ኖሮ! ለምን ቆመች?» አለ። አባትና እናት ምክንያቱን ያውቁት ነበር፤ አንዱ የሌላውን ዓይን ማየት ግን አቃታቸው።

ከሐዘኑ በኋላ አባትየው ወንዱን ልጅ መንገድ ዳር ይዞት ወጣ። መኪና ሲመጣ እንዴት እንደሚሸሽ ሊያለማምደው ፈልጎ ነው። ልጁ ግን ከቆመበት አልነቃነቅ አለ።

«አባዬ፣ ስንመለስስ?» አለው። «እዚያ ከሮጥኩ ዝሆኑ ይገድለኛል እኮ።»

አባትየው ቁጢጥ ብሎ ትከሻውን ያዘው።

«አንመለስም» አለው። «አንተ ሩጥ።»