ነብር ጠሪው አማቴ

ባሌ ቤት የገባሁ ሰሞን አማቴን እፈራቸው ነበር። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ዝም ስለሚሉ ነው። እኔ የዳንግላ ከተማ ልጅ ነኝ፤ ሰው ዝም ሲለኝ የተቆጣኝ ይመስለኛል። እሳቸው ደግሞ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ተወልደው እዚያው ያረጁ ገበሬ ናቸው። ከጎረቤት ጋር በአገውኛ ይጫወታሉ፤ ለእኔ ያላቸው አማርኛ ግን "ደህና አደርሽ" እና "ደህና ዋልሽ" ብቻ ነበር። የባሌ እናት እኔ ከመምጣቴ ስድስት ዓመት ቀድመው አርፈዋል። ባሌ በዳንግላና በእንጅባራ መካከል ሚኒባስ ስለሚነዳ የሚመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። እናም ሳምንቱን ሙሉ እኔና አማቴ በአንድ ጣሪያ ሥር እንደ ሁለት እንግዳ እንከርም ነበር።

እኔ እዚያው ቀበሌ ትምህርት ቤት ሕፃናቱን አስተምራለሁ። ፊደል ከመቁጠር ይልቅ መዝፈንና መጮኽ የሚበዛበት ክፍል ነው።

በሁለተኛው ዓመት፣ መስከረም ሲያልቅ፣ ነብር መጣ። ሰው ሁሉ ለከሰል የሚሆን ዛፍ ከተከለ ወዲህ ደኑ እስከ በራችን ደርሷል። ነብሩ ጠዋት ጠዋት፣ ጉሙ ሳይነሳ፣ በጎች ከበረት ሲወጡ ጠብቆ ነው የሚወስደው። መጀመሪያ ከታች ካሉት ሰዎች አንድ በግ ወሰደ። ቀጥሎ የእኛን ጠቦት። በሦስተኛው ከአጥራችን ማዶ የሚኖሩ የአንዲት ባልቴት ግልገል ከእናቱ ጎን ነጥቆ ሄደ። እናቲቱ በግ ሦስት ቀን ሙሉ በግቢያቸው እየዞረች ጮኸች። ሣርም አልቀምስ አለች።

የሰፈሩ ሽማግሌዎች አማቴ ዘንድ መጡ። ንግግሩ በአገውኛ ስለነበረ አልገባኝም። ባልቴቷ ናቸው ጆሮዬ ሥር ያስረዱኝ።

"አማትሽ በጉብዝናቸው ጊዜ ነብር ጠሪ ነበሩ። እንደ ግልገል ጮኸው አውሬውን ከዱር ያወጡት ነበር። ስማቸው እስከ ግምጃ ቤት ከተማ የታወቀ ነው።"

እኚህ ዝምተኛ ሰው እንደ ግልገል ሲጮኹ ማሰብ አቃተኝ። አማቴ ሽማግሌዎቹን አዳምጠው ሲጨርሱ አንድ ነገር ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ምን አሉ?" አልኳቸው።

"ጥርሴ ረግፏል፣ ድምፁ አይወጣም አሉ" አሉኝ ባልቴቷ።

ሽማግሌዎቹ አዝነው ሄዱ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ከጓሮ፣ ከቀርከሃው ጥግ ሆኜ ለነገ ትምህርት እዘጋጅ ነበር። ትምህርቱ የቤት እንስሳት ነው። እንደ ላም ጮኽሁ፣ እንደ አህያ ጮኽሁ፣ እንደ ግልገል ጮኽሁ። ዞር ስል አማቴ አጥሩን ተደግፈው ቆመው ያዩኛል። ነጠላዬን ሳብ አድርጌ ፊቴን ሸፈንኩ።

"የመጨረሻውን ድገሚልኝ" አሉ።

"ውይ አባባ፣ ለልጆቹ እኮ ነው።"

"ገብቶኛል። ድገሚልኝ።"

እያፈርኩ ደገምኩት። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

"ይሄ የራበው ግልገል ነው" አሉ። "የተያዘ ግልገል እንዲህ አይልም።"

"እንዴት ነው የሚለው?"

ጥቂት አሰቡ። አማርኛውን እየፈለጉ ነበር። "መሀል ላይ ይሰበራል። ከዚያ ዝም ይላል። ነብሩን የሚያመጣው ዝምታው ነው።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጓሮ ይጠብቁኝ ጀመር። እሳቸው አንድም ቀን ጮኸው አላሳዩኝም። በእጃቸው ነበር የሚመሩኝ፤ ከፍ ሲያደርጉ ከፍ፣ ዝቅ ሲያደርጉ ዝቅ፣ ጨበጥ ሲያደርጉ ዝም። አንድ ቀን ትንፋሼ አምልጦኝ ግልገሉ አህያ ሆነና ሳቄ መጣ። እሳቸውም ሳቁ። ሲስቁ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ሰውነታቸው በሙሉ ነው የሚስቀው፤ ልክ እንደ ባሌ።

በአራተኛው ቀን "ነገ ጠዋት እንሂድ?" አሉኝ።

"እኔ? እኔ ደግሞ አደን ልውጣ?"

"ድምፁ ያለው አንቺ ዘንድ ነው፣ ልጄ።"

"ልጄ" ሲሉኝ እምቢ የምልበት አቅም አጣሁ። "ይገድሉታል?" ብዬ ብቻ ጠየቅኋቸው። የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ነብር መግደል ክልክል ነው ብሎ ለሰፈሩ ተናግሮ ነበር።

"መግደል ከተውኩ ቆይቷል። አስደንግጬ እሰደዋለሁ። ደህና አድርጎ የደነገጠ ነብር ቶሎ አይመለስም።"

ለባሌ አልነገርኩትም። ብነግረው ተሳፋሪውን መንገድ ላይ አራግፎ እንደሚመጣ አውቃለሁ።

ጠዋት ወጣን። እሳቸው ፈቃድ ያላት አሮጌ ጠመንጃቸውን አንግተዋል። ብርድ ስለነበር ጋቢያቸውን አውልቀው ደረቡልኝ። ከደኑ ዳር በዋዜማው ከቀርከሃ ቅጠል የሠሯት መሸሸጊያ ነበረች፤ ተጠጋግተን ተቀመጥን። ከበታቻችን ሐይቁ በጉም ተሸፍኖ አይታይም።

"ስትጮኺ ዓይንሽን ጨፍኚ" አሉኝ በሹክሹክታ።

"ለምን?"

"እንዲያ ነው የሚሆነው።"

ጨፍኜ ጮኽሁ። መሀል ላይ ሰበርኩት። ዝም አልኩ። እንደገና ጮኽሁ። ወፎቹም ዝም አሉ። በሦስተኛው ላይ ከበስተኋላችን ሣር ሲንኮሻኮሽ፣ የሚሮጥ እግር ሲመጣ ሰማሁና ክንዳቸውን ጭምድድ አድርጌ ያዝኩ።

ነብር አልነበረም። የባልቴቷ በግ ነበረች። አጥር ጥሳ ነው የመጣችው። በጤዛ ረጥባ፣ ቁና ቁና እየተነፈሰች ቅጠሉን በግንባሯ ከፍታ ገባችና አፌን አሸተተች። አንገቴን አሸተተች። ከዚያ በአፍንጫዋ ጋቢውን እየገለጠች ግልገሏን ከጉያዬ ትፈልግ ጀመር።

እንባዬ መጣ። "ይቅር በይኝ" አልኳት፤ ሌላ ምን እላታለሁ። አማቴ ጀርባዋን በቀስታ ዳበሱና ወደ ውስጥ ሳቧት። ቀና ሲሉ ግን ፊታቸው ተለወጠ። በአገጫቸው ወደ ፊት ጠቆሙኝ።

ነብሩ ከዛፎቹ ሥር ቆሟል። አርባ እርምጃ ቢርቅ ነው። እኔ ያሰብኩት ግዙፍ አውሬ ነበር፤ ይሄ ሆዱ የተጣበቀ፣ ፀጉሩ የረጠበ ከሲታ ነው። የሚያየው በጓን ነው። አማቴ ጠመንጃውን አነሱ። በጓን በሁለት እጄ አቅፌ ፊቴን ጀርባዋ ላይ ደፋሁ። ተኩሱ ሲፈነዳ ጆሮዬ ጭው አለ። ቀና ስል ነብሩ ከቆመበት ፊት ለፊት አፈር ይበናል፤ እሱ የለም። ቅርንጫፍ እየሰበረ ወደ ተራራው ሽቅብ ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ ተሰማና ጠፋ።

በጓን በመቀነቴ አስረን ተመለስን። መንገድ ላይ አማቴ ደከማቸውና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ጠመንጃውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።

"እኔ ነብር ጠርቼ አላውቅም።"

የቀለዱ መስሎኝ አየኋቸው። አልቀለዱም።

"የምትጠራው እሷ ነበረች። ባለቤቴ። እኔ ጠመንጃ ነው የምይዘው። ሴት አደን ወጣች እንዳይባል ውኃ ለመቅዳት የምትሄድ መስላ እንስራዋን አዝላ ትወጣለች። እንስራውን ቁጥቋጦ ውስጥ ደብቃ ትከተለኛለች። ዓይኗን ጨፍና ትጠራለች። ነብሩ ሲወድቅ እሷ ውኃዋን ቀድታ ቤት ትገባለች፤ እኔን በጭፈራ ይቀበሉኛል።"

"እሳቸው ምን ይሉ ነበር?"

"ትስቃለች። መጥታ ከጨፋሪዎቹ ጋር ትጨፍርልኛለች።" መሬት መሬቱን አዩ። "ዛሬ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ ስል ሞተችብኝ። ከዚያ በኋላ ጥርሴ ረገፈ ማለት ቀለለኝ። ጥርስ ቢኖረኝስ ምን ብዬ ልጮኽ?"

ጋቢውን ከትከሻዬ አውርጄ መልሼ ደረብኩላቸው። እጄን ያዙ። ከዚያ እኔኑ ተደግፈው ተነሡ።

ተኩሱን የሰማ ሁሉ ከበራችን ተሰብስቦ ነበር። ሽማግሌዎቹ አማቴን ሲያዩ ሊጨፍሩ ተነሡ። እሳቸው እጃቸውን አንሥተው አስቆሙና በአገውኛ ተናገሩ። ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ እንዲገባኝ ብለው በአማርኛ ደገሙት።

"የጠራችው እሷ ናት። ድሮም የጠራችው ሚስቴ ነበረች። እኔ በውሸት ነው የተጨፈረልኝ።"

አንዱ ሽማግሌ የሰሙትን ያላመኑ ይመስል ደጋግመው አዩዋቸው። ባልቴቷ በጋቸውን ከእጄ ተቀብለው አንገቷን እያሻሹ፣ "እኔስ አውቅ ነበር" አሉ። "ውኃ ልትቀዳ ሄዳ ፀጉሯ ላይ የቀርከሃ ቅጠል ይዛ ትመለስ ነበር። ነግራኝ ግን አታውቅም።"

አማቴ ይህን ሲሰሙ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ እልልታውን የጀመሩት ባልቴቷ ናቸው። ለማን እንደሆነ አልተናገሩም፤ ሁሉም ግን ገባው።

ቅዳሜ ባሌ መጣ። ወሬው እኛ ሳንነግረው እንጅባራ መናኸሪያ ላይ ደርሶት ስለነበር ገና ከበር "ነብር ፊት ተቀመጥሽ?" እያለ ገባ። ተቆጥቷል፤ ግን ተጎድቼ እንደሆነ ክንዴን እያገላበጠ ያያል። አባቱ "ተቀመጥ" አሉትና በአገውኛ ብዙ አወሩት። እኔ ከቃሉ ጥቂቱን ብቻ ነው የያዝኩት፤ ስለ እናቱ እንደሆነ ግን ከፊቱ አየሁ። መጀመሪያ አፉን ከፈተ። ከዚያ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ወንድ ልጅ ሆኖ በዚያ ቤት አድጎ፣ እናቱን የሚያውቃቸው በእንስራቸው ብቻ ነበር።

አንድ ነገር ጠየቃቸው።

"ምን አልክ?" አልኩት።

"ድምፅዋ እንዴት ነበር አልኩት" አለኝ።

አማቴ ተነሡና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል፣ እንደ ግልገል ጮኹ። የወጣው ድምፅ የዛገ የበር ማጠፊያ ነው የሚመስለው። በረት ያሉት በጎች እንኳ ቀና ብለው አላዩም። ባሌ እንባው ሳይደርቅ በሳቅ ፈነዳ፤ አባትየውም አብረው። ሁለቱም በሙሉ ሰውነታቸው ይስቃሉ፤ አማቴ "እንደሱ አይደለም፣ እንደሱ አይደለም" እያሉ ስለ ሚስታቸው ሌላ ሌላ ነገር ያነሣሉ፣ ባሌም አንዱን ለእኔ ሳይተረጉም ሌላውን ይጠይቃል።