በማሲንቆ ያስነገርኩት ውሸት

ባለፈው ሳምንት እዚህ እስራኤል፣ ያቭኔ ከተማ ካለው ሱቄ በርበሬ ልትገዛ የገባች ተማሪ፣ በበዓል ሰው አብሮ ሲዘፍንና ሲያጨበጭብ ትንፋሹም የልቡ ምትም እየተቀራረበ እንደሚሄድ አስረዳችኝ። እሷ ዩኒቨርሲቲ ተምራው ነው። እኔ የተማርኩት ገበያ ነው፤ ዘፈኑን ከፍ ሳደርገው ላይገዛ የመጣውም ይቆማል፤ ከቆመ ደግሞ ይገዛል። "አውቀዋለሁ" አልኳት። የቀረውን ዋጥኩት።

የዋጥኩት ነገር የድሮ ነው፤ ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ቂርያት ማላኪ ከተማ ገበያ ቅመም እሸጣለሁ። ጎንደር የቀረችው እህቴ ይታይሽ፣ ወደ እስራኤል እንዲመጡ ከተፈቀደላቸው ሰዎች ዝርዝር ውስጥ የለችም ተባለ። እናቴ ይህን ከሰማች ጀምሮ አፏ ተዘጋ። ሁለት ጉርሻ ከቀመሰች ትሪውን ትገፋለች። ሐኪሙ መርምሮ "ቤሰደር ናት" አለ፤ ደህና ናት ማለቱ ነው። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ ቀለድኩላት፤ ግድግዳ ነው የምታየው። ቀን በቀን እየከሳች ስትሄድ፣ ልትሞትብኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

የስግድ፣ የቤተ እስራኤላውያን በዓላችን፣ ጾምና ጸሎት ባለፈ ማግስት ገዴራ ከተማ አዳራሽ ውስጥ ድግስ ነበር። እጇን ይዤ አውቶቡስ አሳፈርኳት። የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ የብርቱካኑ እርሻ ይሸታል፤ እሷ ዞራም አላየችው።

አዳራሹ በእስክስታ ሞቋል። ትኩስ ድፎ ዳቦ ሰጧት፤ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ሽማግሌው ማሲንቆ መቺ እየዞረ ከሰው ግጥም ይቀበላል። እኔ ዘንድ ሲደርስ "በል ልጄ፣ ስጠኝ" አለ። ያው የገበያ ብልሃቴ መጣልኝ። "ተቀበል" አልኩት፦

ሻንጣዋን ዘግታለች፣ ይታይሽ ልትመጣ፤
እናቷ ትዘጋጅ፣ ዳቦ ይዛ ትውጣ።

እሱ ሲያዜመው አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። እኔ ለምኞት ያልኩትን ሰው ለካ የምሥራች አድርጎ ሰምቶታል። ሴቶቹ እናቴን ከበው ይስሟት ጀመር።

"እንኳን ደስ ያለሽ፣ እታለም።"

"መቼ ነው የምትገባው? ሎድ አውሮፕላን ማረፊያ አብረን ወርደን እንቀበላታለን።"

እውነቱን ልናገር ብል እልልታው ድምፄን ዋጠው። እጄ ደግሞ፣ ያሳፍራል፣ ከሰው ጋር ያጨበጭባል።

እናቴ ተነሣች። "ተቀበል" አለች። ከስንት ቀን በኋላ የመጀመሪያ ቃሏ ነው።

እልል አትበሉልኝ፣ ልጄማ እዚያው ቀረች፤
በማሲንቆ ክር ላይ፣ ባሕር የት ተሻገረች?

ሽማግሌው ሦስት ጊዜ መላልሶ አዜመው። እልልታው ጠፋ። አገር ቤት ወንድም ወይ ልጅ ያልቀረበት ሰው አልነበረምና አዳራሹ ሙሉ አለቀሰ። እሷ ወደ እኔ ዞረች።

"በርበሬህን ሽጥ። እህትህን አትሽጥብኝ።"

ከዚያ ዳቦውን ቆርሳ፣ እንባዋ እየወረደ፣ በላች።

እናቴ ከዚያ ወዲህ ትናገራለች፤ በተለይ እኔን ለመውቀስ አትሰንፍም። ይታይሽ ዛሬም ጎንደር ናት፤ ጸጉሯ ሸብቷል። ዘፈን ሰውን ከሰው ያገናኛል ሲሉኝ አልክድም፤ አንድ አዳራሽ ሕዝብ ሲያገናኝ በዓይኔ አይቻለሁ። እኔ ግን እንዲያገናኝልኝ የፈለግሁት ሁለት ሰው ብቻ ነበር።