ከፎርማት የተረፈው ቫይረስ

እርጥብ ካልሲ በሸተተኝ ቁጥር ደብረ ታቦር ትመጣብኛለች። ሌላው ሰው ልጅነቱን በአበባ ሽታ ያስታውሳል፤ የኔ ዕጣ ደግሞ ይኼ ሆነ። ባለፈው ሳምንት በምሠራበት መሥሪያ ቤት ዝናብ የደበደበው አንድ ባልደረባዬ ካልሲውን አውልቆ ወንበር ላይ ሲያሰጣ፣ ሁሉም አፍንጫውን ይዞ ሲወጣ እኔ ፈገግ ብዬ ቀረሁ። ዘጠነኛ ክፍል ሆኜ የኮምፒውተር ክፍሉ በር ላይ የቆምሁ መሰለኝ።

እዚያ ክፍል በጫማ አይገባም ነበር። አቧራ ኮምፒውተር ይገድላል ይባላልና ተማሪው ሁሉ ኮንጎ ጫማውን ኮሪደሩ ላይ ደርድሮ በካልሲው ይገባል፤ ካልሲ የሌለው በባዶ እግሩ። መስኮቶቹ በወፍራም መጋረጃ ተሸፍነዋል። አሥራ ሁለቱ ኮምፒውተሮች ሴት መምህራን የሠሩላቸውን ዳንቴል ለብሰው ተደርድረዋል። ሲከፈቱ የጋለ ፕላስቲክ ይሸታሉ፤ ክንዴን ወደ መስታወታቸው ሳስጠጋ ጸጉሩ ይቆም ነበር።

የዚያ ክፍል ጌታ ቲቸር ማቴዎስ ነበሩ። ከወላይታ ተመድበው የመጡ ረጅም፣ ቀጭን ሰው ናቸው። የደብረ ታቦር ብርድ አልስማማቸው ብሎ ሁለት ሹራብ ደርበው፣ በላዩ ጋቢ ጣል አድርገው ነበር የሚያስተምሩን። እኛ ማተብ በምናስርበት አንገት ላይ እሳቸው በጥቁር ገመድ አንዲት ፍላሽ አንጠልጥለዋል፤ አምስት መቶ አሥራ ሁለት ሜጋባይት፣ ያኔ ጉድ የሚያሰኝ። ኮምፒውተር ሲታመም ከአንገታቸው አውልቀው ይሰኩበታል፤ ይድናል። ጣቶቻቸው ሳያዩ ፊደሎቹ ላይ ሲሮጡ አፌን ከፍቼ እቀር ነበር። ከገሳይ ወዲያ ካለ ገጠር መጥቼ ቤት ተከራይቼ የምማር ልጅ ነኝ፤ እንዲህ ያለ አዋቂ ከየት አውቄ!

ሰኔ መግቢያ ላይ አጠፋሁ። ጎረቤቴ የሰጠችኝን መዝሙር ያለበት ፍላሽ ደብቄ አስገብቼ ሰካሁት። አንዱን መዝሙር እንኳ ሳልጨርስ ቲቸር ከኋላዬ ቆመዋል። በማግሥቱ የትምህርት ቤቱ ሁሉ ውጤት የተጻፈባቸው ፎልደሮች ጠፉ። በቦታቸው ስማቸውን ብቻ የያዙ፣ ቢከፍቷቸው ምንም የሌለባቸው ነገሮች ተገኙ። ቫይረስ ነው ተባለ፤ ያመጣሁትም እኔ ተባልሁ። ያን ቀን ከክፍሉ ታገድሁ።

ቲቸር አሥራ ሁለቱንም ፎርማት አደረጓቸው። ፎርማት ማለት ዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ጠራርጎ ማጥፋት እንደሆነ አስተምረውናል። ዊንዶውሱን ከሲዲ እንደገና ጫኑ፤ የተማሪውን ውጤት ከወረቀት እያዩ ሦስት ቀን ሙሉ ጻፉ። በአራተኛው ቀን የቀሩትን ፕሮግራሞች ጭነው ሲጨርሱ ቫይረሱ ተመልሶ መጣ። እንደገና ፎርማት አደረጉ፤ እንደገና መጣ። ትምህርት ቤቱ ጉድ አለ። እኔ ራሴ ፈራሁት። ሁሉ ነገር ተጠርጎ ሲጠፋ እሱ የት ተደብቆ ይቆያል? ከብረቱ ውስጥ ነው? ሌሊት ሌሊት እያሰብሁት እንቅልፍ አጣሁ።

«ከፎርማት የሚተርፍ ዓይነት ነው ያመጣሽብኝ» አሉኝ ቲቸር።

ዕጣዬ የተንጠለጠለው በዚህች ነገር ላይ ነበር። ቫይረሱ በእርግጥ ከፎርማት የሚተርፍ ከሆነ ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ። የማይተርፍ ከሆነ ግን ሌላ ሰው እየመለሰው ነው፤ እኔ ክፍሉን ከረገጥሁ ሁለት ሳምንት አልፎኛልና። ይህን የሚያስብልኝ ግን አልተገኘም። ወላጅ አምጪ ተባልሁ።

ወላጅ አምጪ ማለት ለኔ ትምህርቱ አበቃ ማለት ነው። አባቴ የገብስ ዘር ላይ ነው። በሬዎቹን ፈትቶ ከመጣ ይዞኝ እንደሚመለስ አውቃለሁ። ታላቅ እህቴም ከስድስተኛ ክፍል ወጥታ ነው የተዳረችው።

አባቴ መጣ። ጭቃ የጠጣ ጎማ ጫማውን እንደ ደንቡ በር ላይ አውልቆ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ገባ። ወንበር ቢሰጡት አልቀመጥም አለ።

«መምህር፣ ልጂቱ ካጠፋች ይዣት ልሂድ። ሥራዬንም ትቼ ነው የመጣሁት።»

ቲቸር ነገሩን ከሥሩ አስረዱት። አባቴ አንገቱን ደፍቶ ሲሰማ ቆየ።

«ሁሉን ጠረጉት?»

«ሁለት ጊዜ፣ አባባ። ምንም አልቀረም።»

«ከዚያስ፣ ባዶውን ተዉት?»

«አይ፣ የሚያስፈልገውን መልሼ ጫንሁበት።»

«እንግዲህ እኔ የማውቀው እርሻ ነው» አለ አባቴ። «ማሳዬን ደጋግሜ ገልብጬ፣ አረሙን ለቅሜ፣ እንክርዳዱ ከገብሱ ጋር ተመልሶ ከበቀለብኝ መሬቱን አልራገምም። የዘራሁትን ዘር ነው የማይ። እርስዎ ዘሩን ከየት አመጡት?»

 የቲቸር ማቴዎስ እጅ ቀስ ብሎ ወደ አንገታቸው ሄደ። ከፎርማት በኋላ ኮምፒውተሮቹ የሚፈልጓቸው ፕሮግራሞች ሁሉ፣ የቫይረስ ማጥፊያው ጭምር፣ ያሉት እዚያች ፍላሽ ላይ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ በአሥራ ሁለቱም ላይ የሰኩት እሷን ነው።

አንዱን ኮምፒውተር እዚያው እያየን ፎርማት አደረጉት። አባቴ አሁን ተቀመጠ። ሰማያዊው መስታወት ላይ ቁጥሩ ሲጨምር እኔን እያስነበበ እስከ መቶ ጠበቀ። ዊንዶውሱ ተጭኖ አለቀ፤ ቲቸር «ሙከራ» የሚል ፎልደር ሠሩና ኮምፒውተሩን አጥፍተው አበሩት። ፎልደሩ በቦታው አለ። ደጋግመው አጥፍተው አበሩት፤ አለ። ከዚያ ፍላሿን ከአንገታቸው አውልቀው ሰኩ፤ ከፈቷት። ወዲያው «ሙከራ» ጠፋ፣ በቦታው ስሙ ብቻ ቀረ።  ሦስታችንም መስታወቱን እናያለን።

«እኔ ነኝ» አሉ ቲቸር። «መድኃኒት ነው ብዬ ያዞርሁት እኔው ነኝ።» ተነሥተው ለአባቴ ዝቅ አሉ። «ሳላጣራ ነው የፈረድሁባት፣ አባባ። ይቅር ይበሉኝ።»

አባቴ የሚገባበት ጠፋው። መምህር ገበሬ ፊት ዝቅ ሲል በዕድሜው አላየም። «ኧረ መምህር፣ ተዉ እንጂ! ኧረ ተዉ!» እያለ ጫማውን ሳያጠልቅ ኮሪደር ወጣ። ከሰዓት ወደ ገሳይ በሚሄደው መኪና ብቻውን ተመለሰ።

እኔ ግን አላስቻለኝም። «ቲቸር፣ መጀመሪያ ያመጣሁት እኔ ብሆንስ?» አልኋቸው።

«ሊሆን ይችላል» አሉኝ። «እሱን እንግዲህ ማወቅ አንችልም። ሁለት ጊዜ የመለስሁት ግን እኔ ነኝ።»

በማግሥቱ ጠዋት ባንዲራ ተሰቅሎ እንዳበቃ ማይኩን ያዙ። ትምህርት ቤቱ በሙሉ ተሰልፏል። ስሜን ጠርተው ፍላሽ መስካቴ ጥፋት እንደነበር፣ ቅጣቱንም እንደጨረስሁ ተናገሩ። ቫይረሱን ሲመልሱ የነበሩት ግን እሳቸው መሆናቸውን ሳያድበሰብሱ ነገሩን። ያኔ አስተማሪ ይገርፋል፣ ያባርራል እንጂ ተማሪ ፊት ተሳሳትሁ አይልም።  ቲቸር ማቴዎስ በዓይኔ ላይ ገዘፉብኝ፤ ዛሬም አላነሱም።

ዛሬ ኮምፒውተር መጠገን የኔም እንጀራ ሆኗል። ከፎርማት የሚተርፍ ቫይረስ በእርግጥ እንዳለ፣ እሱም ብርቅ እንደሆነ ተምሬያለሁ። ተመለሰብኝ ብሎ የሚመጣ ሰው ሲያጋጥመኝ፣ እሱን ከመጠየቄ በፊት የራሴን ፍላሽ እፈትሻለሁ።

ቲቸር በዓመቱ ወደ አገራቸው ተዛወሩ። ከዚያ ሰልፍ በኋላ በሩ ላይ አንድ ደብተር አስረው ነበር፤ ፍላሽ ይዞ የሚገባ ሁሉ አስፈትሾ ስሙንና የተገኘውን ይጽፍበታል። የመጀመሪያው መስመር በራሳቸው እጅ የተጻፈ ነው፦ «ማቴዎስ፣ መምህር። ቫይረስ ተገኝቶበታል።» ከሥሩ ፈርመዋል። ከሳቸው ስም በታች መጻፍ ማንንም አላሳፈረም። ሁለተኛው መስመር ላይ የጻፍሁት እኔ ነኝ።