የካካዎ ገለፈት ዳቦ

ጋምቤላ ክልል በሆነች ሰሞን፣ የየቢሮው በር ቀለም ገና ሳይደርቅ፣ እናቴ መሃል ከተማ በበርሜል ምድጃ ዳቦ እየጋገረች ትሸጥ ነበር። እህቴን ሊያገባ የሚፈልገው የኑዌር ልጅ የቸርች ኳየር ጓደኛዋ ነበር። ከቴፒ ወዲያ፣ ካካዎ ለሙከራ በተተከለበት እርሻ ይሠራ ነበር፤ ጋምቤላ የሚመጣው በእረፍቱ ነው። ፍሬው ተቆልቶ ሲፈተግ የሚቀረውን ገለፈት፣ "ሽታው ጥሩ ነው፣ ለምን ይጣላል?" ብሎ በጆንያ አመጣልን።

እናቴ መጀመሪያ እንዳለ ከዱቄት ጋር ለወሰችው። ዳቦው አሸዋ አሸዋ አለን። እልኸኛ ናትና ገለፈቱን ደግማ ወቀጠችው፣ በወንፊት ነፋችው፣ ስኳር ጨመረችበት። ጠይም፣ ትንሽ መረር የሚል ዳቦ ወጣ። ያ ሽታ ዛሬም ትዝ ይለኛል። ከዚያ ወዲህ እንደሱ ያለ ዳቦ አልቀመስኩም።

ልጁን ግን ገና አልፈቀደችውም። "ቤቴ ይምጣና ልየው" አለች። በመጣ ቀን እህቴ መዝሙር ልምምድ ላይ ነበረች። እናቴ ከትኩሱ ዳቦ ቆረሰችና በእጇ ልታጎርሰው ተጠጋች። ያ ረጅም ሰውዬ ብድግ አለ፤ ጎንበስ ብሎ በበሩ ወጥቶ እብስ!

"ናቀኝ! ራሱ ያመጣውን እንኳ ከእጄ ተጸየፈ! ልጄን አልሰጥም፣ በቃ!" ብላ ቤቱን ቀውጢ አደረገችው።

እህቴ ስትመጣ ነገሩን ሰማች፤ ሳቀች፣ ወዲያው ደግሞ አለቀሰች። "እማዬ፣ እነሱ ዘንድ ወንድ አማቱ ፊት አይበላም፣ ነውር ነው። እንደ አማቱ ቆጥሮሽ እኮ ነው የሸሸው!"

እናቴ የተረፈውን ዳቦ በጨርቅ ሸፈነች። በነገሩ ያፈረች መሰለኝ፤ እሷ ግን አፍሬአለሁ የምትል ሴት አይደለችም።

እሑድ ከቸርች መልስ ደግማ አስጠራችው። ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና በርጩማዋን ይዛ በረንዳ ወጣች፤ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ተቀመጠች። እኔ አጠገቧ ነበርኩ። ከውስጥ ዳቦ ሲቆረስ ተሰማ።

"መረረህ እንዴ?" አለች፣ ሳትዞር።

"አይ እማማ። ጥሩ ነው። ሌላ አለ?"

"አለ" አለች ወደ መንገዱ እያየች፤ "ልጄንም ውሰዳት።"

እንባዋ ጉንጯ ላይ ሲወርድ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።