«በድሩ፣ አንሳው!»

ባለፈው ማክሰኞ ሸዋ በር ሚኒባስ ስጠብቅ አንድ ጎረምሳ አየሁ። ባንድ እጁ የበቆሎ ጥብስ እየጋጠ በሌላው እጁ ስልኩን ዘርግቶ ገበያውን ይቀርጻል። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው፤ መንገዱ ጭቃ፣ ሰዉ ግፊያ። ልጁ ግን ግድም አልሰጠው። ቀርጾ ሲያበቃ ስልኩን ኪሱ ከተተና በቆሎውን ቀጠለ። አለቀ! ገመድ የለ፣ ካሴት የለ፣ «እየቀዳ ነው ወይስ አይደለም?» ብሎ ጭንቀት የለ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ነደደኝ። ፊቴ ላይ ሳይታወቅብኝ አልቀረም፣ አጠገቤ የቆሙ ሴትዮ «ምነው፣ ልጁ አጠፋ እንዴ?» አሉኝ።

«እሱ ምን ያጥፋ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አልኳቸውና ሚኒባሱ ውስጥ ገባሁ። እብድ ብለውኝ ይሆናል።

ያን ያጠፋሁ ጊዜ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ፈረስ መጋላ አጠገብ ባለ አንድ ፎቶ ቤት ቪዲዮ እቀርጽ ነበር። ጀጎል ውስጥ ሠርግ ሲሆን የሴቶቹን ክፍል ወንድ እንዲቀርጸው ስለማይፈለግ ካሜራ የምትይዝ ሴት በጣም ትፈለግ ነበር፤ እኔም የክርስቲያን ቤተሰብ ልጅ ብሆንም ያልገባሁበት የሐረሪ ሠርግ አልነበረም ማለት እችላለሁ። «ጽጌ ካልመጣች» መባሌን ወደድኩት። ሰው በወጣትነቱ ሲሞገስ ምን ያህል እንደሚጃጃል ያወቅሁት በኋላ ነው። አብሮኝ የሚሠራው በድሩ የጀጎል ልጅ ነው፤ እኩያዬ፣ ዝምተኛ፣ አንዱን ነገር ሁለቴ ሳያጣራ የማይጀምር ሰው። ይህ ጠባዩ ያቃጥለኝ ነበር።

ፎቶ ቤታችን በዚያው ሰሞን አዲስ ኤችዲ ካሜራ አስመጣ። ጥራቱ ጉድ ነበር፤ የሰው ቅንድብ አንድ በአንድ ይቆጠርበታል። ችግሩ ካሴቱ ነው። አንድ ሰዓት የተቀረጸ ካሴት ወደ ኮምፒውተር ለመገልበጥ ሌላ አንድ ሰዓት ተጎልቶ መጠበቅ ነበረብን። እኔ ደግሞ መጠበቅ አልፈጠረብኝም። ካሜራውን በቀጭን ገመድ ከላፕቶፕ ጋር አገናኝቶ፣ ካሴት ሳይገባ፣ ምስሉን በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ መቅዳት እንደሚቻል ስሰማ ዓለም የተገላገለች መሰለኝ።

ላፕቶፑ ግን ዐመለኛ ነበር። ባትሪው ስለሞተ ከሶኬት ከራቀ ይጠፋል። አሥር ደቂቃ ሲሠራ እንቁላል ይጠብሳል። ገመዷ ደግሞ ጫፏ የጥፍር ታህል ስለነበረች ዝንብ ቢያርፍባት የምትወልቅ ነበረች። ከሁሉም የሚያናድደው፣ ካሜራው ውስጥ ካሴት ስለሌለ «እየቀዳሁ ነው» የሚለው ቀይ መብራት አይበራም። መቅዳት አለመቅዳቱን የሚያየው ላፕቶፑ ዘንድ ያለው ሰው ብቻ ነው። ከእጅ አይሻል ዶማ ማለት ይህ ነው፤ ግን ማን ይንገረኝ!

ሐጂ ዩሱፍ የአብሮ አደጌ የረምዚያ አባት ነበሩ። ጀጎል ውስጥ ዱዓ ሲያደርጉ መንገድ ላይ ያለ ሰው ሳይቀር ቆሞ አሚን ይላል፤ ድምፃቸው እንዲህ ነበር። በዚያ ዓመት ጉሮሯቸውን ታመሙ። የአዲስ አበባ ሐኪሞች ቀዶ ጥገና እንደሚያስፈልጋቸው፣ ከዚያ በኋላ ግን ድምፅ እንደማይኖራቸው ነገሯቸው። የረምዚያ ኒካህ ሁለት ወር ይቀረዋል፤ ሕመሙ ሁለት ወር አይጠብቅም። ስለዚህ ሐጂ ለመንገድ ሲዘጋጁ፣ በዋዜማው፣ እኔንና በድሩን አስጠሩን። የልጃቸውን ምርቃት ዛሬ ይናገሩታል፤ የሠርጉ ቀን ይከፈትላታል።

ከቀትር ሰላት በኋላ ደረስን። እህታቸው አዴ ፋጡማ በሩ ላይ ያዙን። «ስሙ ልጆቼ፣ አንዴ ነው የሚናገረው። ሐኪሙ ከልክሎታል፤ ወላሂ ድገሙ ብትሉት አይችልም።»

«አይዞዎት አዴ» አልኩ በትልቅ ድምፅ።

ሐጂ በቀዩ መደብ ላይ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ረምዚያ ከእግራቸው ሥር፣ ጎረቤቶች ዳር ዳሩን። ሶኬቱ በዚያው በኩል ስለነበረ ላፕቶፑን መደቡ ላይ፣ ከሐጂ ጉልበት ትንሽ ራቅ አድርገን አስቀመጥነው። በድሩ መቅጃውን አስጀመረና ለሙከራ እንዲቀዳ ተወው። ከዚያ ቀና ብሎ ካሜራውን አየ።

«ጽጌ፣ ካሴትም ክተቺበት አቦ።»

«ለምን?»

«ለመጠባበቂያ።»

ካሴት ቦርሳዬ ውስጥ ነበረ፤ እስካሁን የሚያበግነኝ ይህ ነው። ማስገባቱ የምራቅ መዋጫ ጊዜ አይወስድም ነበር። ግን ካስገባሁ በድሩ ልክ ነው ማለት ሊሆን ነው። «የምሠራውን አውቃለሁ! ካሴት አያስፈልግም አልኩህ፣ በቃ!» ብዬ ጮህኩበት። በድሩ ትከሻውን ነቀነቀ። ሐጂ ሳል ሳል አደረጋቸው። ረምዚያን ነጠላዋን እንድትደርብ ነገሯት፣ ውሃ ጠጡ።

ከዚያ ማንንም ሳይጠብቁ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ እጃቸውን ዘረጉ፣ «ቢስሚላሂ...» ብለው ጀመሩ። እኔ ዓይኔ ካሜራው ላይ ነው፤ ላፕቶፑ ይቅዳ አይቅዳ አላይም። ደነገጥኩና «በድሩ፣ አንሳው!» አልኩ።

ቅረጻቸው ማለቴ ነበር። ግን ወገኔ፣ በኛ ቋንቋ ፎቶም ይነሳል ድንጋይም ይነሳል። በዚያችው ቅጽበት አዴ ፋጡማ የቡና ቅጠል ሻይ፣ ሆጃና ሐልዋ የያዘ ትሪ ተሸክመው ገብተው የሚያስቀምጡበት ቦታ እየፈለጉ ነበር። በድሩ ቃሌን ሰማ፣ ትሪውን አየ፤ ላፕቶፑን ብድግ አድርጎ ለትሪው ቦታ ለቀቀ። ያቺ የጥፍር ታህል ገመድ ወለቀች። ምንም ባልናገር ኖሮ ሲቀዳ የቆየው መቅዳቱን ይቀጥል ነበር!

ስክሪኑ የመጨረሻውን ምስል ይዞ ቀረ፤ ሐጂ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እጃቸውን ዘርግተው። ፊት ለፊታችን ያሉት ሐጂም እንደዚያው ናቸው፣ አይንቀሳቀሱም። በድሩ አንዴ ስክሪኑን አንዴ እሳቸውን እያየ፣ ይሠራል ብሎ ተቀመጠ። ሃያ ደቂቃ ያህል መረቁ። ሰው ያለቅስ ነበር። እኔ ግን ምስሉ እንዳይደበዝዝ ስጠብቅ ከዚያ ሁሉ ምርቃት አንዲት ዓረፍተ ነገር እንኳ በጆሮዬ አልቀረችም። መጨረሻ ላይ ድምፃቸው ሹክሹክታ ሆኖ አሚን አሉ።

በድሩ ላፕቶፑ ላይ ጎንበስ እንዳለ ፊቱ አመድ ሲመስል አየሁት። «ጽጌ... አራት ደቂቃ ነው ያለው። የሙከራው ብቻ።»

ሰዉ ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። ያን ጊዜ ምን አደረግሁ? «ኮምፒውተሩን አንስቶ ገመዱን ነቀለው!» አልኩ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ጣቴን በድሩ ላይ ቀስሬ። ረምዚያ አለቀሰች። አዴ ፋጡማ «ምንም አልተረፈም?» ብለው ጠየቁኝ። በአራቱ ደቂቃ ውስጥ በድሩ ካሴት ክተቺ ሲለኝና እኔ ስጮህበት ይሰማል።

«ምንም» አልኩ።

ሐጂ በድሩን በእጃቸው ጠርተው ትከሻውን ያዙት። «ቀደር ነው፣ ልጄ» አሉት፣ የአላህ ውሳኔ ነው ሲሉ፤ ለመስማት ጎንበስ ማለት ነበረበት። ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ደክሟቸው ነው ብዬ ገመዴን መጠቅለል ጀመርኩ።

ሐጂ ከአዲስ አበባ ሲመለሱ ድምፅ አልነበራቸውም። በኒካሁ ቀን እጃቸውን ዘርግተው ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ፤ ሰዉ የት ላይ አሚን እንደሚል ጨንቆት እርስ በርሱ ይተያይ ነበር። ያንን በካሴት ቀረጽኩት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። በድሩንማ የፈረስ መጋላ ሰው «በድሩ አንሳው» የሚል ስም አወጣለት። ካሜራ ይዞ በገባበት ሁሉ ሲሳቅበት ጊዜ ሥራውን ትቶ ድሬዳዋ ወረደ። እኔ ሌላ ብዙ ሠርግ ቀረጽኩ። ሐጂም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሞቱ፤ ለቅሶ ተቀመጥኩ፣ ረምዚያን አቅፌ አለቀስኩ፣ ስለ አራቱ ደቂቃ ግን ትንፍሽ አላልኩም።

ማክሰኞ ዕለት ከሚኒባሱ ወርጄ ቤት ስገባ ቁም ሳጥኑን ገለበጥኩት፤ አራቱ ደቂቃ የተቀመጠበትን አሮጌ ሐርድ ዲስክ አገኘሁት። ቅዳሜ ረምዚያ ቤት ሄጄ «የአባትሽ ድምፅ አለ» አልኳትና ከፈትኩላት።

ጩኸቴ እስኪመጣ ጥፊ እንደሚጠብቅ ሰው ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። መጣ፣ አለፈ። ረምዚያ አልሰማችውም። «የአባቴ ሳል...» አለች። «እንዲህ ነበር የሚስለው፤ ረስቼው ነበር።» እንደገና ከፈተችው። ነጠላ ደርቢ የሚሏት ላይ ስትደርስ አቁማ አለቀሰች፤ ያች ምክር ከምርቃቱ እኩል ሆነችላት።

ለሦስተኛ ጊዜ ስትከፍተው ዓይኔን ገለጥኩ። ስጮህ ሐጂ በድሩን ያያሉ፣ እኔን ያያሉ፣ ከዚያ ካሜራውን ያያሉ። ሁሉንም ሰምተዋል። በሰው ፊት በድሩን ስከስ እውነቱን ያውቁ ነበር። ተሟጥጣ ከቀረችው ድምፃቸው አንዲት ቃል ቢያወጡ እኔ አልቄ ነበር። ያችን ቃል በድሩን ለማጽናናት አዋሏት፤ እኔን ግን ለራሴ ተዉኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ላፕቶፑን፣ ገመዱን፣ ትሪውን፣ ቋንቋችንን ሳይቀር ስረግም ኖሬያለሁ። ማሽኑ ያጠፋው ነገር አልነበረም፤ ያየውን ይዞ ቆየ።

«ካሴት ክተቺ የሚልሽ በድሩ ነው?» አለች ረምዚያ።

«አዎ።»

ቅጂውን አቆመችው። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ቁጥሩን ከአክስቷ ልጅ ጠየቀች፣ ደወለች፣ መጥራት ሲጀምር ስልኩን ለኔ ዘረጋችልኝ። «አንቺው ንገሪው።»

ሲያነሳ ከኋላው የድሬዳዋ ባጃጅ ይንጫጫል።

«ጽጌ ነኝ» አልኩ። «ያኔ ካሴት ክተቺ ብለኸኝ ነበር።»

ከባጃጁ ጫጫታ ራቅ ሲል ሰማሁት።

«አዎ» አለ። «ብዬሽ ነበር።»